ሀንዲሶ ያቀረበልኝ ለስላሳ

በዚያ የገበያ ቀን ከገበያው በታች ጭስ አልነበረም። ሆሳዕና ከተማ ድስት የምንሸጥ ሴቶች ጠዋታችን እንዴት እንደሆነ የምናውቀው በአቅላጮቹ ጭስ ነው። ጥቁር ሆኖ ሲነሳ ምድጃው ገና ተለኩሷል። ሳሳ ሲል አልሙኒየሙ ቀልጧል። ጨርሶ ሲጠፋ ድስቶቹ ከአፈር ወጥተው ሞረድ ይጠብቃሉ። ያን ቀን ግን ከተደረደሩት ሼዶች አንዱም አልጨሰም። የምድጃ ማራገቢያው ድምፅ የለም፣ የሞረዱ ፉጨትም የለም። ዕቃዬን ዘርግቼ እንደጨረስኩ ወደ ሸምሱ ሱቅ ተሻገርኩ።

"ሸምሱ፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬ ምን ሆኑ? መብራት ጠፋ እንዴ?"

ሸምሱ የያዘውን ሳሙና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። "አልሰሙም እንዴ እማማ? ጋሽ ሀንዲሶ እኮ ትናንት አረፉ። ደረታቸውን ሲያማቸው አልነበር? ሁሉም እዚያ ሄደዋል።"

የሰው ሞት ሲነገረኝ እንባዬ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን እንባው ከመምጣቱ በፊት ዓይኔ ከሸምሱ ኋላ ወደተደረደረው የለስላሳ ሳጥን ሄደና እዚያው ቀረ። ሸምሱ የተጠማሁ መስሎት አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ሊከፍትልኝ ሲል እጁን ያዝኩት።

"ተው ልጄ" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት አልገባውም።

ሀንዲሶን የማያውቅ ሰው ድስቱን ያውቀዋል። በሆሳዕና፣ በሆመቾ፣ በሞርሲቶ፣ እስከ ዱራሜና አንጋጫ ድረስ፣ ቂጡ ላይ የዶሮ እግር የመሰለ ምልክት ያለበት ብረት ድስት ካለ እሱ ያፈሰሰው ነው። ቆራሊዮዎች ከየሰፈሩ የለቀሙትን አሮጌ ድስት፣ የተሰበረ የሞተር ክፍል፣ የተጣመመ የመስኮት ፍሬም ያመጡለታል። እሱ አቅልጦ ሌላ ዕድሜ ይሰጠዋል።

ቁመቱ አጭር ነበር። ድምፁ ግን ከሼዱ ተነስቶ እኔ የምሸጥበት ቦታ ድረስ ይሰማል። ቅንድብ አልነበረውም፤ እሳቱ በየጊዜው እየላሰ ጨርሶታል። ስለ ቅንድቡ የጠየቀው ሰው ካለ "ለመንግሥት ግብር ከፈልኩት። ደረሰኙን ላሳይህ?" ይላል። በገበያ ቀን ደግሞ ክራባት ያስራል። ፍንጣሪ በበሳሳው ሸሚዝ ላይ ቀይ ክራባት! እንዳይነድበት ጫፉን በሸሚዙ ቁልፎች መካከል ወደ ውስጥ ይሸጉጠዋል።

"ምነው ሀንዲሶ፣ ለአፈርና ለከሰል ነው እንዲህ የምታጌጠው?" ብዬው ነበር አንዴ።

"የዳንኤል እናት፣ ድስቴ እኮ ሰው ቤት ሊገባ ነው። ልጁን የሚድር አባት ተራቁቶ ይቆማል?"

ጉረኛ ነበር። ትሑት ነበር ብዬ ብጽፍ ከመቃብር ተነስቶ ይከራከረኛል። ድስት አንስቶ በጣቱ አጥንት ያንኳኳውና ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ድምፁ ካላማረው "ይሄ ጉንፋን ይዞታል" ብሎ ወደ ምድጃው ይመልሰዋል። ካማረው ደግሞ ለእኔ እየሰጠ "ይሄን የልጅ ልጆችሽ ይካሰሱበታል። ፍርድ ቤት ሲደርሱ ለምስክርነት ጥሩኝ" ይላል። አንድ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ቂጡ የሳሳ ድስት ሥራልኝ፣ ከአንድ ማቅለጫ ብዙ ይወጣል ብሎ ሲለማመጠው ሰምቻለሁ። ሀንዲሶ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና "ወጡ ሲያርር ባልየው የሚጮኸው በአንተ ላይ ነው በሚስቱ ላይ?" አለው። ነጋዴው ሳቀ። ሀንዲሶ አልሳቀም። ድስቱንም አልሠራለትም።

አፈሩን ሲያዘጋጅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ጥቁሩን አፈር በወንፊት ይነፋል፣ በትንሽ ውሃ ያርሳል፣ በጡጫው ይጨብጠዋል። ከዚያ የተጨበጠውን እንደ ዳቦ ለሁለት ይቆርሰዋል። ሳይፈረካከስ ከተቆረሰ ጥሩ ነው። ናሙናውን ድስት በሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጥና አፈሩን ዙሪያውን ይጠቀጥቃል፤ ድስቱን ሲያወጣው ባዶ ቦታው ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠውን ያፈስሳል። ሲፈስ ወተት ይመስላል። ያኔ ሀንዲሶ ዝም ይላል። በቀን ውስጥ ዝም የሚለው ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ዘሩ መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ቀሪው አይገባችሁም። አባቱና አያቱ ማረሻና ቢላ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ነበሩ። በእኛ አገር ደግሞ ቀጥቃጭ ቤት አይበላም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። ልጅ ሆኜ እሳት እንዳልነካ እንደተነገረኝ ሁሉ ይሄም ተነገረኝ። በማረሻቸው እናርሳለን፣ በቢላቸው ሥጋ እንቆርጣለን፣ ቤታቸው ስንገባ ግን አፋችን ይዘጋል። ወንጌል ገባ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ይሄ ነገር ቀርቷል ተባለ። በጉባኤ ስንጠየቅ ሁላችንም ቀርቷል እንላለን። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን እግራችን መውጫውን ያውቀዋል።

ከገበሬ ቤት የመጡ ወጣቶችም ከጊዜ በኋላ ተደራጅተው ማቅለጥ ጀምረዋል። ያስተማራቸው ሀንዲሶ ነው። የገበሬ ልጅ ድስት ሲያቀልጥ ሥራ ፈጣሪ ይባላል። ሀንዲሶ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ቀጥቃጭ ነው። እኔ ይሄን አይቼ ዝም የምል ሰው አልነበርኩም። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከተማው የሥራ ሼድ ሲያድል የሀንዲሶ ስም የለም ተባለ። ክራባቱን አስሮ እኔ ጋ መጣ። "የዳንኤል እናት፣ እስቲ ድምፅሽን አበድሪኝ። የእኔን እዚያ ቢሮ አይሰሙትም" አለኝ። የዚያኑ ዕለት አብረን ሄድን። አንድ ወጣት ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ተቀበለን።

"እናቴ፣ ሼዱ ለተደራጁ ወጣቶች ነው" አለኝ።

"ወጣቶቹን ሥራውን ማን አስተማራቸው? አንተ ነህ?"

"የእኚህ አባት ዕድሜ አልፏል እኮ። መመሪያ አለ።"

"ማታ ቤትህ ስትገባ የሚስትህን ድስት ገልብጥና ቂጡን እየው። የዶሮ እግር ካለበት ነገ መጥተህ የዚህን ሰው ስም ጻፍ። ከሌለበት እኔ ዳግመኛ እዚህ አልመጣም።"

በማግስቱ ስሙ ተጻፈ። ሀንዲሶ ታሪኩን ለዓመታት እያሳመረ ሲያወራው ኖረ። መጨረሻ ላይ የሰማሁት "የዳንኤል እናት ቢሮውን ራሱን ገልብጣ ቂጡን አየችው" የሚለውን ነው።

ስሙ በተጻፈ ቀን ሼዱ ውስጥ የእንጨት ወንበር አወጣልኝ፣ በክንዱ ጠረገው፣ ከሸምሱ ሱቅም ለስላሳ አስመጣ። ጠርሙሱን የያዘው ከታች በኩል ነበር። አንገቱን አልነካም። ቆርኪው እንደታሸገ አጠገቤ አስቀመጠው። መክፈቻውን ደግሞ በንጹሕ ወረቀት ላይ አኖረልኝና "ራስሽ ክፈቺው" አለኝ።

ከፈትኩት፣ ጠጣሁ። እንዴት ያለ ክብር ነው አልኩ በልቤ። ለሹም እንጂ ለእኔ ለድስት ሻጯ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሼዱን በረገጥኩ ቁጥር ጠርሙሱ ይመጣል፤ ቆርኪው እንደታሸገ፣ መክፈቻው ወረቀት ላይ። መጠጣቴን ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

መኖሪያ ቤታቸው ከሼዱ ብዙ አይርቅም፤ በመካከሉ አጥር ብቻ ነው። አንድ ቀን ድስት ልቆጥር በምሳ ሰዓት ደረስኩ። ሚስቱ ታደለች ትሪ ይዛ በአጥሩ በር ስትወጣ አየችኝ። ቆም አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትሪውን ሸፈነችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

"ምሳው ገና አልደረሰም" አለኝ ሀንዲሶ፣ ጠርሙሱን ሊያስመጣ እየተነሳ።

የጎመኑና የቅቤው ሽታ ግን እኔ ጋ ደርሶ ነበር። እኔም "አይ፣ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ! አልበላሁም ነበር። በተራበ ሆዴ ያን ጣፋጭ ነገር ጠጥቼ ወደ ገበያዬ ተመለስኩ።

እሁድ እሁድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጣሪያ ሥር እንዘምራለን። የጌታ እራት ሲቀርብ ሳህኑ ከእሱ እጅ ወደ እኔ እጅ አልፎ ያውቃል። ቆርሻለሁ፣ በልቻለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አመስግኛለሁ። ሰኞ ጠዋት ለስላሳው በቆርኪው ይመጣል፣ እኔም እከፍተዋለሁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አላስቀመጥኳቸውም። ሚዛን በሚያጭበረብር ነጋዴ ላይ ገበያው መሀል የምጮኸው ሴትዮ!

ከዚህም የባሰ አለ፤ የእድሩ ነገር።

እድራችን ትልልቅ ድስት አልነበረውም። ሰው በሞተ ቁጥር ከየቤቱ እንለምን ነበር። ሀንዲሶ ይሥራልን አልኩ፤ ሁሉም ተስማማ። ሕፃን ልጅ ተጣጥፎ ሊተኛባቸው የሚችል ሦስት ድስቶች አፈሰሰልን። በተረከብን ዕለት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ላምቦሬ አንዱን በእጃቸው እየዳበሱ "መቼም እንዲህ ያለ ሰው ከእድሩ ውጭ መሆኑ ደግ አይደለም። አባል ቢሆን ምናለበት?" አሉ።

አጨበጨብን። ከሴቶቹ ወገን ግን አንዷ "ባለቤቱ የወጥ ሥራ ተራዋ ሲደርስስ?" አለች።

ጭብጨባው ቆመ። ሁሉም ድስቱን ያያል። እኔ ተነሳሁ።

"እኔ ልናገር" አልኩ። "የሀንዲሶን ድስት ተቀብለን ሰውየውን በር ላይ ማስቀረት ግፍ ነው። ይግባ። ታደለች ግን ከወጥ ሥራው ነፃ ትሁን። በምትኩ ውሃ ትቅዳ፣ እንጨት ታቅርብ፣ ዕቃ ትጠብ። ሥራው እኩል ነው። ማንም አይበደልም።"

ቤቱ ተነፈሰ። አቶ ላምቦሬ "አንቺስ ዳኛ መሆን ነበረብሽ" አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። የልደት ዜና እንደያዘች ሴት በሩጫ ወደ ሼዱ ወረድኩ።

ሀንዲሶ አፈር እየጨበጠ ነበር። ታደለች በአጥሩ በኩል ከሰል ትለቅማለች። አንድ ሳላስቀር ነገርኩት፤ የተናገርኩትን ንግግር ጭምር። አፈሩን ለሁለት ቆረሰው፣ አየው።

"ታደለች ዕቃ ታጥባለች" አለ።

"አዎ።"

"የምትበሉበትን?"

"የእድሩን ዕቃ ነዋ።"

"ውሃም ትቀዳለች።"

"አዎ።"

"ትጠጡታላችሁ?"

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። አሰብኩና ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ለእጥበት የሚሆነውን ትቅዳ" አልኩት። በአፌ ወጣ። ፍትሕ እያስተካከልኩ መስሎኝ።

ሳቀ። ያ ገበያ ድረስ የሚሰማው ሳቁ አልነበረም። "ይቅርብን የዳንኤል እናት" አለ። "እኔ ስሞት የሚቀብረኝ አላጣም።"

"ሌላው ሰው አፉን ሳይከፍት እኔ ብቻዬን ተከራክሬልህ…"

"አውቃለሁ። እንዳንቺ የተከራከረልኝ የለም።" ይሄን ሲል አላሾፈም። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ለስላሳ አስመጣ፤ ከታች ይዞ አስቀመጠልኝ፣ መክፈቻውን ወረቀት ላይ አኖረው።

ያን ቀን ቆርኪውን ሳልነቅል ተነስቼ ሄድኩ። ምስጋና ቢስ አልኩት በልቤ። ስወጣ ታደለች ቀና ብላ አላየችኝም። ይሄን ሁሉ ስናገር እሷ በአጥሩ በኩል ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ቃል እንኳ አልጠየቅኳትም። የእሷን እጅ ስመድብ፣ ይሄን ይንካ ያን አይንካ ስል፣ እጁ የማን እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

ቁጣዬ ቆየ እንጂ አልዘለቀም። ድስት ያስፈልገኛል፣ ድስቱ የእሱ ነው። ተመልሼ ሄድኩ። ስለ እድሩ ሁለተኛ አላነሳንም። እሱም ጉራውን፣ እኔም ክርክሬን፣ ጠርሙሱም መምጣቱን ቀጠልን። በኋላ ደረቱን እያመመው መሳል ሲጀምር እንኳ፣ ማቅለጡን ለልጆቹ ትቶ ሼዱ በር ላይ በክራባት ሲቀመጥ እንኳ፣ እኔን ሲያይ ወደ ሸምሱ ሱቅ ሰው ይልካል።

እናም በዚያ የገበያ ቀን ሸምሱ ሲያረዳኝ ዕቃዬን ለጎረቤቴ ሰጥቼ የእድሩን ዕቃ ቤት ልከፍት ሄድኩ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር፤ ዕቃ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አቶ ላምቦሬን ስልክ ደወልኩላቸው።

"ለሀንዲሶ ቤት ድስቶቹን ላወጣ ነው" አልኳቸው።

"እ… አባል አይደለም እኮ። ኮሚቴው ሳይነጋገር እንዴት…"

"ድስቶቹን ማን ሠራቸው?"

"እሱ ሠራቸው፣ እኛ ከፈልን። አሁን የእድሩ ናቸው። ሕጉን አንቺ ነሽ ስታስተምሪን የኖርሽው።"

እውነታቸውን ነው። "እንግዲያው በሕጉ ክሰሱኝ" አልኳቸውና ዘጋሁ። የባጃጁ ሹፌር ሦስቱም አይገቡም ብሎ ተነጫነጨ። ሁለቱን ከኋላ አስገባን፣ አንዱን እኔ ታቀፍኩት። መንገዱን ሙሉ ያ የዶሮ እግር ደረቴ ላይ ተጭኖ ሄደ።

ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከሆመቾ፣ ድስት ከሚቀልጥበት ከተማ ሁሉ ሙያተኞቹ መጥተዋል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ቅንድብ የሌላቸው ሰዎች በየአግዳሚው ተደርድረው ያለቅሳሉ። በአጥሩ ሥር ደግሞ ድስቶች ተደርድረዋል፤ ኮከብ ያለበት፣ ዓሣ ያለበት፣ የቡና ቅጠል ያለበት። ሁሉም የየራሱን ይዞ መጥቷል። የእኔን ሦስት ድስቶች የሚያስቀምጡበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

የሀንዲሶ ልጅ ብርሃኔ ተቀበለችኝ። ሞርሲቶ ታስተምራለች። አቅፌያት አለቀስን። ድስቶቹን አየችና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ። ድስት እንኳ አላጣንም" አለች። በክፋት አይደለም የተናገረችው። ነገሩ እንደዚያ ነበር።

ዛፍ ሥር ከሰው ገለል አድርጋ ወንበር አኖረችልኝ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ሀንዲሶ ያስተማራቸውን የገበሬ ልጆች አየኋቸው። እጃቸውን ታጥበው ከሟቹ ዘመዶች ጋር ከአንድ ሳህን ንፍሮ እየዘገኑ ይበላሉ። ማንም ትኩር ብሎ አላያቸውም። ሰማይ አልወደቀም። ለካ ይቻል ነበር፤ ለካ ስንት ጊዜ ኖሯል የሚቻለው።

ብርሃኔ ተመለሰች። ጠርሙስ ይዛለች፤ እንደ አባቷ ከታች በኩል። ቆርኪው እንደታሸገ አጠገቤ አስቀመጠችው። መክፈቻውን ወረቀት ላይ አኖረች።

"ልጄ፣ ይሄን መልሺው። ከንፍሮው ስጪኝ" አልኳት።

ደነገጠች። ወደ እናቷ ዘወር ብላ አየች። "ይቅርብዎት እማማ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አባባ አደራ ብሎናል።"

"ምን ብሎ?"

"'የዳንኤል እናት ስትመጣ ምግብ እንዳታቀርቡላት' ይል ነበር። 'እምቢ ማለት ያሳፍራታል። ስለ እኛ ስትከራከር የኖረች ሴት ናት፣ እኛ ቤት አትፈር።' ልጆች ሆነንም እንደዚሁ ነበር የሚለን። እርስዎ የመጡ ቀን ምሳችንን የምንበላው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።"

ሲያከብረኝ የኖረ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ነውሬን ከእኔ ከራሴ ሲደብቅልኝ ነው የኖረው፤ ልጆቹን እያስራበ፣ ሚስቱን ትሪ እያስመለሰ። እኔ ቢሮ ሄጄ የጮህኩትን ጩኸት አገር ያውቃል። እሱ የከፈለልኝን ማንም አያውቅም፤ እኔም ሳላውቅ ጠጣሁት።

ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችው ታደለች ንግግራችንን ሰምታ ነበር። ቀና አለች። በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ።

"ስጫት ብርሃኔ" አለች። "አሁን ለእኛ ብላ ይሁን ለራሷ ብላ እንደምትበላ እሷ ታውቃለች።"

ብርሃኔ ከሳህኑ ዘግና በመዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ለብ ያለ ነበር። ስንዴና ባቄላ። ጨው ትንሽ ጎድሎታል። ሌላ ምንም አልነበረበትም። አንዲት ፍሬ ሳላስቀር በላሁት፤ ሀንዲሶ ግን አላየም።

ከቀብሩ በኋላ እድሩ ጠራኝ። ያለ ፈቃድ ዕቃ አውጥተሻል ተባልኩ። አውጥቻለሁ አልኩ፤ ቅጣቴን ተቀበልኩ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልወጣ ስል ግን ምላሴ አላስቻለውም።

"አንድ ነገር ስሙኝ" አልኩ። "እኔ ስሞት ወጡን የምትሠራው የሀንዲሶ ሚስት ታደለች ናት። የማይበላ ሰው ከነረሃቡ ይቅበረኝ።"

ጉምጉምታ ሆነ። አቶ ላምቦሬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "እሷ እሺ ብላለች?" አሉኝ።

አልጠየቅኳትም ነበር። ዳግመኛ እጇን እኔው መድቤው ነበር፤ ያውም እንባዬ ሳይደርቅ፣ ያውም ለፍትሕ ብዬ።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ሼዱ ወረድኩ። ታደለች የባሏን የቆዳ ሽርጥ ታጥቃ አፈር ትነፋለች። ሼዱን አሁን የምትመራው እሷ ናት። ቀዩ ክራባት ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ቁጭ በይ አላለችኝም። ቆሜ የመጣሁበትን ነገርኳት፤ መጀመሪያ ሳልጠይቃት መናገሬንም ጭምር።

ወንፊቱን አቆመች። "አሁን እየጠየቅሽኝ ነው?"

"አዎ።"

"የዚያን ጊዜስ? ዕቃ ትጠብ ያልሽ ጊዜ?"

"ያኔ አልጠየቅኩሽም።"

"አልጠየቅሽኝም" አለች። አፈሩን አርሳ በጡጫዋ ጨበጠችው፤ ለሁለት ቆረሰችው። በእጇ ላይ ተፈረካከሰ። ውሃ ጨመረችበትና እንደገና ጨበጠችው። "አስብበታለሁ" አለችኝ።

ለስላሳ አላስመጣችም። ውሃም አላቀረበችም። ልክ ናት።

አሁን ከገበያው በታች ጭሱ እንደ ድሮው ይነሳል። ከእሷ ድስት እገዛለሁ፤ የዶሮ እግሩን አልለወጠችውም። ስንገናኝ ስለ አልሙኒየሙ፣ ስለ ከሰሉ እናወራለን። ያን ጥያቄ አልደገምኩባትም። መቸኮል የእኔ ፋንታ አይደለም፤ ምንም እንኳ ዕድሜዬ ብዙ የሚያስጠብቅ ባይሆን።

እያሰበች ነው።